የሰው አሠራር በገዛ ድስት ሲፈተን

ቀኑን በሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ ከሜክሲኮ ለቡ ስትደርሱ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ምን አለ?» የሚል ጥያቄ ከበር ይቀበላችኋል። ልጆቹ ሽሮው ሰልችቷቸዋል። ያን ጊዜ በቴሌቪዥን ያያችሁትን ወይም በስልክ ያነበባችሁትን አሠራር መሞከር ያምራችኋል። እኔም አምሮኝ፣ ለቡ ባለችው ጠባብ ማድ ቤቴ በየእሑዱ ስሞክር ከርሜአለሁ። የሦስቱን ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው ኬክ ነበር። ከውጭ ቋንቋ የተመለሰው አሠራር «ሁለት ስኒ ዱቄት» ስለሚል በቡና ስኒ ሰፈርሁ። እንቁላሉ በቁጥር ነውና ሊጡ ውሃ ሆነ። ለካስ የአሜሪካኖቹ መስፈሪያ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የቡና ስኒያችን አጠገቡም አይደርስ! መስፈሪያውን አስተካክዬ ብደግመው ደግሞ ኬኩ ኦቭን ውስጥ ጉብ ብሎ ተነሣና መካከሉ ሰመጠ። የእጄ ጥፋት መስሎኝ አዘንሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሊጡ በቤኪንግ ፓውደሩ ኃይል ከመጠን በላይ ይነፋና ገና ሳይጠነክር ይወድቃል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ቀንሼ ጥቂት ወተት ብጨምር ኬኩ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው ዶሮ ወጥ ነው። በቴሌቪዥን ሽንኩርቱ በጥቂት ደቂቃ ሲቁላላ አይቼ፣ ጊዜው ተቆርጦ እንደሚታይ ልብ አላልሁም። እንግዳ በጠራሁበት ቀን መረቁ ለብቻ፣ ሽንኩርቱ ለብቻ ሆኖ ቀረበ። ያን ያህል ወጪ የወጣበት ዶሮ አሳፈረኝ። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ሽንኩርት አይቸኮልም» አሉኝ። እንዳሉኝም በሌላ ቀን ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት፣ እያማሰልሁ፣ መያዝ ሲጀምር ጠብ ጠብ እያደረግሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ባቁላላው ወጡ ተዋሐደ።

ሦስተኛው ግን ከጨዋታ ያለፈ ነው። አሠራሩ «ቀይ ቦሎቄ በቀስታ እሳት 45 ደቂቃ» ይላል። ሰዓቱ ሲደርስ ፍሬው ጠንከር እንዳለ ነበር፤ ቢሆንም መሽቶብኝ ለልጆቹ አቀረብሁ። ትንሿ ልጄ ስታስመልስ አደረች። የጤና ባለሙያ ምክንያቱን ሲነግረኝ ደነገጥሁ። በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። መርዙ የሚጠፋው ቦሎቄው በኃይል ሲፈላ እንጂ በቀስታ እሳት ሲሞቅ አይደለም። በዚያ ላይ በእኛ ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በቆላ አገር የተጻፈ ሰዓት ለእኛ አይበቃም።

ስለዚህ እናቶች ሆይ፣ ቀይ ቦሎቄን ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፤ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ እያንተከተካችሁ አፍሉት፤ ከዚያም በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ አብስሉት። ሰዓቱን ሳይሆን ፍሬውን እመኑ። ልጅ ቦሎቄ በልቶ ደጋግሞ ካስመለሰው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አዲስ አሠራር አትሞክሩ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መጀመሪያ በጥቂቱ ሥሩ፤ እንግዳ በምትጠሩበት ቀን አትጀምሩ። አንድ ደብተር በማድ ቤታችሁ አኑሩና የሰፈራችሁበትን ዕቃ፣ የፈጀውን ጊዜ፣ የቀነሳችሁትንና የጨመራችሁትን ጻፉ። የእኔ ደብተር ዘይት ነክቶት ገጹ ቢዥጎረጎርም፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ቦሎቄ፦ እስኪፈርስ» የሚለው ቃል አሁንም ይነበባል። ልጄም ከዚያ ወዲህ ቦሎቄ በቀረበ ቁጥር አስቀድማ በጣቷ ትጫነዋለች።