ተረትና እውነታ፦ ጥያቄው ሲያልቅ ትሬዱ ይጸዳል?

ብዙ የጃቫ ፕሮግራመሮች «አንድ ጥያቄ፣ አንድ ትሬድ» በሚል እምነት ይሠራሉ። የተጠቃሚው ማንነት ትሬድሎካል ውስጥ (ለየትሬዱ የተለየ ዋጋ በሚይዝ ማስቀመጫ) ከተቀመጠ በየሜቶዱ ሳይቀባበሉ ከየትም ይገኛል፤ ጥያቄው ሲያልቅም አብሮ ይጠፋል ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው ግን ተረት። ቶምካት ለየጥያቄው አዲስ ትሬድ አይፈጥርም፤ ካልቀየሩት በቀር እስከ 200 የሚደርሱ ትሬዶችን በፑል ይዞ እያዟዟረ ያሠራል። ከመስቀል አደባባይ ካዛንቺስ የሚመላለስ ሚኒባስ ተሳፋሪ ባራገፈ ቁጥር በሌላ አይተካም፤ ወንበር ላይ የተረሳ ዕቃም ቀጣዩን ተሳፋሪ ይጠብቃል።

መነሻው መስቀል አደባባይ ለሆነ ሩጫ ምዝገባ የሚቀበል ድረ ገጽ እናስብ። በአካውንቷ የገባች ሴት ከፍላ ወጣች፤ ማንነቷ ግን ትሬዱ ላይ ቀረ። በዚያው ትሬድ ቀጥሎ የተስተናገደው ሰው አካውንት የለውም፣ የቲሸርት ልክ ሊያይ ብቻ ነው የመጣው። «ጥያቄ በገባ ቁጥር አዲስ ስለምንጽፍበት አሮጌው ይሻራል» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ማንነት የሚጽፈው ኮድ የሚሠራው አካውንት ላለው ብቻ ነውና። ሰውየው ገጹ ላይ የሴትዮዋን ስም ያነባል። «ሞክረነዋል፣ ችግር የለውም» የሚሉትም የሞከሩት ላፕቶፓቸው ላይ ብቻቸውን ሆነው ነው፤ የገዛ ስሙ ሲመለስለት ማን ይጠረጥራል?

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ፊልተሩ ውስጥ፣ ስህተት ቢፈጠርም በሚሠራው የፋይናሊ ክፍል፣ የትሬድሎካሉን ሪሙቭ ሜቶድ መጥራት። ስፕሪንግ ሴኩሪቲም ማንነትን በትሬድሎካል ይዞ ጥያቄው ሲያበቃ ያጸዳል። ማጽዳት ግን ግማሽ መንገድ ነው። የማረጋገጫ ኢሜይል መላኩ ለሌላ ትሬድ ሲተላለፍ ማንነቱ አብሮ አይሄድም። ኢንሄሪተብል ትሬድሎካል ያድነናል የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን የሚቀዳው ትሬዱ ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ፣ በፑል ውስጥ ለዘለቀ ትሬድ የመጀመሪያውን ሰው ማንነት ያሸክመዋል። ይህ ከመጥፋትም ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2023 ጃቫ 21 ይዟቸው የመጣቸው ቨርቹዋል ትሬዶች ጉዳዩን ዘግተውታል ወይ? ለየጥያቄው አዲስ ትሬድ ሲሰጥ ርዝራዥ አይኖርም፤ ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ሲሻገር የሚደርሰው መጥፋት ግን እንዳለ ነው። በ2025 በጃቫ 25 የጸናው ስኮፕድ ቫልዩ ዋጋውን ለተወሰነ የኮድ ክፍል ብቻ ስለሚያስር ይሻላል። እንደ እኔ ግን ለሎግ የሚሆን መለያ ቁጥር ትሬድ ላይ ቢቀመጥ አይከፋም፤ ከማን ሒሳብ ገንዘብ እንደሚቀነስ የሚወስን ማንነት ግን በግልጽ በፓራሜትር ይተላለፍ። ኮዱ ይንዛዛል፣ አዎ፤ ማቀበሉን የረሳ ሰው ግን ኮዱ ኮምፓይል አይሆንለትም።