ስትሮክ ለመታው ሰው «በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ» ሲታዘዝ ማወቅ ያለብሽ

ብዙዎቻችን ከቤት ሥራው ሌላ አረጋውያንን እንንከባከባለን። የምትይዣት ማማ ስትሮክ፣ እዚህ «ጀልጣ» የሚሉት፣ መትቷት ከሆነ ሐኪሞች በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ ሊያዙላት ይችላሉ።

ልብን ለምን ያያሉ? አንዳንዴ ደም ልብ ውስጥ ይረጋና ተነስቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። እዚያ የደም ሥር ሲዘጋ ስትሮክ ይሆናል። በደረት ላይ የሚደረገው ኢኮ ሁሉን አያሳይም። የምግብ ቧንቧ ግን ከልብ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብተው ልብን ከቅርብ ያዩታል። ጉሮሮዋን በሚረጭ መድኃኒት ያደነዝዛሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስተኛ መድኃኒትም ይሰጧታል።

አትደንግጪ፣ ብዙ ሰው ጉሮሮውን ትንሽ አሞት ይተወዋል። ከባድ ጉዳት ከስንት አንዴ ነው። የምግብ ቧንቧ መቀደድ ከ10,000 ምርመራ በጥቂቱ ብቻ ያጋጥማል። ካጋጠመ ግን ለሕይወት ያሰጋል።

ከምርመራው በፊት፦ ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። ሳታውቂ ሻይም ሆነ ዳቦ ሰጥተሻት ከሆነ ለነርሷ ንገሪ፣ ቁጣ ፈርተሽ አትደብቂ። ሆዷ ውስጥ ያለው ተመልሶ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ሰው ሠራሽ ወይም የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ሲውጡ ትን ማለት፣ የጉበት በሽታ፣ ደም ማስታወክ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለ ተናገሪ። ስትሮኩ አንደበቷን ከያዘው ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ፈቃድ መፈረም ግን የራሷ ወይም የቤተሰቡ ነው፣ አንቺ አትፈርሚ።

ከምርመራው በኋላ፦ «ውሃ ጠማኝ» ብትልሽም ነርሷ ሳትፈቅድ አትስጪያት። ጉሮሮዋ ገና ደንዝዟል፣ ስትሮክም መዋጥን ያደክማል። ሲፈቀድ ቀና አድርገሽ አስቀምጫትና በትንሽ በትንሹ ስጫት።

እነዚህን ካየሽ ለነገ አትበይ፦
• የደረት፣ የአንገት ወይም የሆድ ኃይለኛ ሕመም
• ትኩሳት፣ የአንገት እብጠት
• ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ
• ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር ወይም መሰማየት
• አዲስ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መተሳሰር

ወዲያው ለቤተሰቡ ንገሪ። ማንም ከሌለ አምቡላንስ ጥሪ፦ ሳውዲ 997፣ ኤምሬትስ 998፣ ኩዌት 112፣ ሊባኖስ 140። «በጉሮሮ ኢኮ ተደርጎላት ነበር» ማለትን አትርሺ፤ ሐኪሙ የት እንደሚፈልግ የሚያውቀው በዚህ ነው።