የርቀት ሕክምና ክህሎት ለነገዎቹ የጤና ባለሙያዎቻችን





የቲምን መርዳት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቀለብ፣ ልብስና ደብተር ነው። ልጁ ግን ያድጋል። በእናንተ ሰደቃ ፊደል የቆጠሩ ልጆች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ነርስነትን፣ አዋላጅነትንና ጤና መኮንንነትን በመማር ላይ ይገኛሉ። በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ እነዚህን ተማሪዎች የሚመለከት ነው። በሽተኛን በአካል ሳያገኙ በስልክ ወይም በምስል መርዳትን፣ ማለትም የርቀት ሕክምናን፣ ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ሊለማመዱት ይገባል የምንለው ለምንድን ነው?

መካነ ሰላምን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ለመገመት አይቸገርም። ከተማዋ ከደሴ በስተምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። መንገዱ የለጋምቦን ብርዳማ ደጋ አቋርጦ ይመጣል፤ ከከተማዋ ወዲያ ደግሞ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። መካነ ሰላም ሆስፒታል ቢኖራትም የስፔሻሊስት ሐኪም ያስፈለገው በሽተኛ ወደ ደሴ መጓዙ አይቀርም። የልጇን ልጆች ለምታሳድግ አያት ይህ ጉዞ የመኪና፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ አለው፤ ቤት ለሚቀሩትም ልጆች ጠባቂ መፈለግ ግድ ነው። ስለዚህ «ነገ ይሻለው ይሆናል» እየተባለ ቀን ይገፋል። ሕፃኑ የሚጎዳው በዚያ መሐል ነው።

የርቀት ሕክምና ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ሙስሊሙ ሳይንቲስትና የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኤ.ፒ.ጄ. አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 የአፍሪካ አገሮችን በሳተላይትና በፋይበር ገመድ ከሕንድ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የማገናኘት ሐሳብ አቀረቡ። ሙከራው የተደረገው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በአንድ ወገን ከነቀምቴ ሆስፒታል፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሃይደራባድ ከሚገኘው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኘ። በዚያ ዘመን የብዙው ሰው ዓይን ያረፈው በመሣሪያው ላይ ነበር። በእኛ እምነት ግን ከመሣሪያው የሚቀድመው፣ በመስመሩ ጫፍ ተቀምጦ መጠየቅና ማድመጥ የሚያውቅ ሰው ነው። ዓለምም ወደዚሁ እየመጣ ይመስላል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ተማሪዎች በርቀት ሕክምና ሊኖራቸው የሚገባውን ብቃት ዘርዝሮ ሲያወጣ፣ ቴክኖሎጂው ከስድስቱ ዘርፎች አንዱ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የታማሚ ደኅንነት፣ ፍትሐዊ ተደራሽነት፣ ተግባቦት፣ መረጃ አሰባሰብና ምርመራ፣ እንዲሁም ሥነ ምግባርና ሕግ ናቸው።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? እንበልና አንዲት አያት ከቦረና ገጠር ደውላ «ልጁን ምች መታው» አለች። ያልሠለጠነ ተማሪ ወይ ይስቃል፣ ወይ ወዲያውኑ መድኃኒት ይናገራል። የሠለጠነው ግን «እማማ፣ ምን አዩበት?» ብሎ ይጀምራል። ትኩሳት ነው? የከንፈር ቁስል? ሳል? ከመቼ ጀምሮ? ሳል ካለ ትንፋሹን በስልክ ማስቆጠር ይቻላል። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱ ይገለጥና፣ ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አያቲቱ ድምፅ ታሰማለች፤ ተማሪው ሰዓቱን ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት። ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ ከታመመ ግን በስልክ ሳይዘገይ በቀጥታ ይወሰዳል።

አሳዳጊዎች ሁሉ እንድታውቁት የምንፈልገው ሌላም ነገር አለ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ሰውነቱን ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ከፈዘዘና ራሱን ከሳተ፣ ስልክ ላይ ምክር የመጠየቂያ ጊዜ አልፏል። ተማሪውም ሊማር የሚገባው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለናል፦ የስልኩ ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የርቀት ሕክምና የፊት ለፊቱን አገልግሎት እንዲደግፍ እንጂ እንዲተካ አልመከረም።

የአማና ጉዳይም አለ። በገጠር ስልኩ ብዙ ጊዜ የጎረቤት ነው፤ ድምፁም ከፍ ተደርጎ ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ተማሪው ገና ከሰላምታው ቀጥሎ «አጠገብዎ ሰው አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅን መልመድ አለበት። የቁስል ፎቶ ሲላክለትም ከሚያስፈልገው በላይ ገላ እንዳይታይ ማሳሰብ፣ ምስሉንም በግል ስልኩ አለማስቀመጥ ግዴታው ነው። የሴት እኅታችንን ነውር መሸፈን በሸሪዓችንም በሙያውም የተጠየቀ ነገር ነው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። ከዚህ የምንረዳው ሥልጠናው በቪዲዮ ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት ነው። የጤና ባለሙያው በተራ የድምፅ ጥሪ ብቻ፣ ታካሚው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደደረሰበት፣ እርሱ ምን እንዳገኘና ከሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ በቅደም ተከተል በሁለት ደቂቃ ማስረዳት መቻል አለበት።

ደስ የሚለው፣ ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አለመጠየቁ ነው። ሁለት ክፍልና ሁለት ተራ ስልኮች ይበቃሉ፤ አንዱ ተማሪ አያት ይሆናል፣ ሌላው ባለሙያ፣ መምህሩ አዳምጦ ያርማል። ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም የጤና ትምህርት የሚሰጡ ተቋማት በመሆናቸው፣ ልጆቻችን ከቀያቸው ሳይርቁ ሊለማመዱ ይችላሉ። (የቱሉ አውሊያ ስም ራሱ «የአውሊያ ኮረብታ» ማለት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?)

ከእናንተ የምንጠይቀው ውስን ነው። ለአንድ የጤና ተማሪ የምትሰጡት ወርኃዊ ድጋፍ ላይ የስልክ ካርድ ዋጋ ጨምሩለት፤ ያልተበላሸ ትርፍ ስልክ ያላችሁም ለተማሪዎቹ መለማመጃ እንዲሆን ለማኅበሩ አስረክቡ። አሳዳጊ ቤተሰቦች ደግሞ፣ ተማሪ ልጃችሁ ለእረፍት ሲመጣ የታናናሾቹን ትንፋሽ እየቆጠረ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።