ኃይል ሰጪ መጠጥ ለስላሳ አይደለም፤ ለነጋዴዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዳር ሱቅ ያላቸው አንዲት ደንበኛችን ባለፈው ሰሞን ወደ መጋዘናችን መጥተው፣ በገበያ ቋንቋ «ኢነርጂ» የሚባለውን ኃይል ሰጪ መጠጥ አንድ ካርቶን መለሱልን። ምክንያቱን ብንጠይቃቸው፣ «የጎረቤቴ ልጅ ለፈተና ሲያጠና ሁለት ትልልቅ ጣሳ ጠጥቶ፣ ሌሊቱን ልቡ ሲመታ እጁም ሲንቀጠቀጥ አደረ። እናቱ መጥታ ምን ሸጥሽለት ብትለኝ መልስ አጣሁ። እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎትና ንገሩኝ፤ ይህ ነገር ለስላሳ ነው ወይስ መድኃኒት?» አሉኝ። እኔም የነጋዴ ጸሐፊ እንጂ ሐኪም ስላልሆንሁ ወዲያው መልስ ለመስጠት አልቻልሁም። ዕቃውን በደረሰኝ ስናስገባና ስናወጣ ከርመን ውስጡ ያለውን አለማወቃችን ግን አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ መርምሬ የተረዳሁትን፣ ለንግድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይጠቅማል በማለት እነሆ አቀርባለሁ።

መጠጡ ለዓለም ገበያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ሊፖቪታን ዲ የተባለ የብርታት መጠጥ በትንሽ ጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። ቈይቶም በታይላንድ ተመሳሳይ መጠጥ ተሠራ፤ ከዚህ የታይላንድ መጠጥ የተወለደው ሬድ ቡል እ.ኤ.አ. በ1987 በኦስትሪያ ለገበያ ቀርቦ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ስሙ የተለያየ፣ ጣሳው ያሸበረቀ ብዙ ዓይነት ይገኛል፤ የውስጡ ነገር ግን ተቀራራቢ ነው። ይኸውም ውሃ፣ ስኳር፣ ካፌይን፣ ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገርና ቪታሚኖች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ጠጪውን የሚያነቃው በተለይ ካፌይን ነው።

ካፌይን በቡናችን ውስጥ ያለው ራሱ ነው። ሰው ሲደክም በአንጎሉ ውስጥ «ተኛ» የሚል መልእክት የሚያደርስ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፤ ካፌይን የዚህን መልእክተኛ ስፍራ ይይዝና መልእክቱ እንዳይደርስ ያደርጋል። እንግዲህ መጠጡ ድካምን በዱቤ ያሳልፈዋል እንጂ አይከፍለውም። ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ገና በደም ውስጥ አለ፤ ማታ የጠጣ ተማሪ እንቅልፍ የሚያጣው ስለዚህ ነው። ሌሊት ወደ ጅማ የሚጓዝ ሾፌርም በጣሳ ተማምኖ ዕረፍትን ቢተው፣ ዕዳው በመንገድ ላይ ይጠየቃል።

ስለ መጠኑ ሲነገር፣ በብዙዎቹ ዘንድ በ250 ሚሊ ሊትር ጣሳ ውስጥ 80 ሚሊ ግራም፣ በ500 ሚሊ ሊትሩ ደግሞ 160 ሚሊ ግራም ካፌይን ይገኛል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ ጤነኛ የሆነ ጎልማሳ በአንድ ጊዜ እስከ 200፣ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ቢወስድ እንደማያሠጋው፣ ነፍሰ ጡር ግን በቀን ከ200 ማለፍ እንደማይገባት ገልጧል። ለሕፃናት የተነገረው ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 3 ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡን እንሥራው፤ 25 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ልኩ 75 ሚሊ ግራም ነውና ትንሹ ጣሳ ብቻውን ያልፈዋል፤ ትልቁ ጣሳ ግን ከእጥፍ በላይ ነው።

«ቡናስ እንጠጣ የለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አንድ ትንሽ ጣሳ ከአንድ ስኒ ጠንካራ ቡና ብዙ አይለይም። ነገር ግን ቡና ትኩስ ስለ ሆነ ቀስ ተብሎ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ከጨዋታ ጋር ይጠጣል፤ ለሕፃንም አይቀዳም። ጣሳው ግን ቀዝቃዛና ጣፋጭ በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል፤ ከለስላሳው ጎን ስለሚደረደርም ልጅ ሳይለየው ይገዛዋል።

ከዚህም ሌላ ስኳሩ አለ። በትንሹ ጣሳ ውስጥ 27 ግራም ያህል፣ ማለት ወደ 7 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር ይገኛል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ለጎልማሳ በቀን ከ25 ግራም ባያልፍ ይመረጣል ይላል። ልማድ ሲሆን ጥርስን ይጐዳል፤ ለውፍረትና ለስኳር በሽታም በር ይከፍታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የልብ ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናትም፣ 34 ጤነኛ ወጣቶች በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር ያህል ከጠጡ በኋላ የልባቸው የኤሌክትሪክ ሥርዓት እንደ ተለወጠ፣ የደም ግፊታቸውም ከፍ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሊርቀው ይገባል። ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ሰውየው ሰክሮ ሳለ ያልሰከረ ይመስለዋል፤ በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ካፌይን የጨመሩበትን የአልኮል መጠጥ ለሚሸጡ 4 ኩባንያዎች ማስጠንቀቂያ ጽፏል።

በሌሎች አገሮች ሕግ አስቀድሞ ተነሥቷል። ሊቱዌኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014፣ ፖላንድም ከ2024 ጀምሮ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከልክለዋል። በአውሮፓ ኅብረት ገበያ፣ ከቡናና ከሻይ በቀር፣ በሊትር ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን ያለበት መጠጥ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች እንደማይመከር በጣሳው ላይ መጻፍ አለበት፤ መጠጥ ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ላኪም ይህን ይወቅ። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

እንግዲህ ሕግ እስኪያስገድደን ሳንጠብቅ ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው። አስመጪው ትእዛዝ ከመላኩ በፊት የካፌይኑን መጠን ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መጠኑ ያልተጻፈበትን ጣሳ አያስገባ። ጅምላ አከፋፋዩ ለቸርቻሪው ያስረዳ። ባለሱቁም መጠጡን ከለስላሳው ለይቶ በላይኛው መደርደሪያ ያስቀምጥ፤ ለልጅም አይሽጥ።

አሠሪዬም ይህን ሁሉ ካነበብሁላቸው በኋላ የተመለሰውን ካርቶን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ከእንግዲህ በደረሰኛችን ግርጌ «ለሕፃናት አይሸጥም» የሚል ቃል እንዲጨመርም አዘዙ። ለደንበኛችን የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ መጠጡ መርዝ አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም፣ ለስላሳም አይደለም። የአንድ ጣሳ ትርፍ ጥቂት ሳንቲም ነው፤ የጎረቤት እናት እምነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በምንም ዋጋ ተመልሶ አይገዛም።