«ሲስተም የለም» እና ያልተፈቀደው ቁጥር

«ሲስተም የለም» የሚለውን መልስ ያልሰማ የአዲስ አበባ ባለጉዳይ አለ ብዬ አላምንም። እኔም በቅርቡ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለአንዲት ማስረጃ ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ሦስቱንም ቀን የሰማሁት ይህንኑ ነው። የገረመኝ ግን ጎረቤቱ መስኮት እየሠራ መሆኑ ነው። ያው ሕንፃ፣ ያው መብራት፤ አንዱ ጋ ሲስተም አለ፣ ሌላው ጋ የለም።

የተማርኩት ሕግ ነውና በኮምፒዩተር ሥራ የኖረውን የእህቴን ልጅ ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሁለት ሌሊት አሳድሮኛል» ብሎ በሌላ ቦታ የገጠመውን አጫወተኝ። ግብርና ክፍያ እየከፈለ የሚሰለፈው እኛ ስለሆንን፣ አንባቢም ነገሩን ቢያውቀው አይጠላም ብዬ አሰብኩ።

በዚያ ቦታ የነበረው ኤችፒ ሲ7000 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሣጥን ነው። ብሌድ የሚባሉ ቀጫጭን ሰርቨሮችን እስከ 16 ይይዛል። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ገመድ ከመጎተት ይልቅ ሁሉም ከሣጥኑ ጀርባ በተሰካ ቨርቹዋል ኮኔክት በሚባል ክፍል በኩል ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው ፍሌክስ-10 ደግሞ አንዱን የ10 ጊጋቢት መስመር ለአራት ይከፍለዋል። ሰርቨሩ የሚያየው አራት የተለያዩ የኔትወርክ ካርዶችን ነው፤ በተጨባጭ ያለው ግን አንድ መስመር ነው። ባለሙያው ለአንዱ 1፣ ለሌላው 2 ጊጋቢት እያለ ይደለድላል፤ ድምሩ ከ10 አያልፍም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ የውኃ መስመር ገብቶ አራት ቆጣሪ እንደሚተከልበት ማለት ነው።

ሣጥኖቹም እስከ አራት ድረስ እርስ በርስ በገመድ ተያይዘው እንደ አንድ ይተዳደራሉ፤ 64 ሰርቨር በአንድ አስተዳደር ሥር። በሦስተኛው ሣጥን ያለ ሰርቨር በመጀመሪያው ሣጥን መውጫ በኩል ወደ ውጭ ሊወጣ ይችላል። ገመዱ ዞሮ ቀለበት ካልሠራ ግን አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያሉት ደሴት ሆነው ይቀራሉ።

አሁን ወደ ቪላን እንምጣ። በአንድ ገመድ የሚጓዘው የፋይናንሱም፣ የመዝገብ ቤቱም፣ የባለጉዳዩም መረጃ እንዳይደባለቅ እያንዳንዱ ቁጥር ይለጠፍበታል። ደረጃው 802.1ኪው ይባላል፤ ለቁጥሩ የተሰጠው ቦታ 12 ቢት ስለሆነ ከ1 እስከ 4094 ያሉትን መጠቀም ይቻላል። እኛ የሕግ ሰዎች የመዝገብ ቁጥር የምንለው ዓይነት ነው። ልዩነቱ፣ ሬጅስትራሩ የማያውቀውን መዝገብ ቢያንስ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ስዊቹ ግን ያልተፈቀደለትን ቁጥር የያዘውን መረጃ ዝም ብሎ ይጥለዋል። መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቀጥላል፤ ሰርቨሩም ደህና ነኝ ይላል።

የእህቴን ልጅ ያሳደረው ይኸው ነው። ሦስት ሣጥኖች ተያይዘዋል፤ ወደ ውጭ የሚያወጡት መስመሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከመጀመሪያው፣ ሌላው ከሦስተኛው ሣጥን። በተለያየ ክፍል ላይ ስለተሰኩ አብረው አይሠሩም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተጠባባቂ ነው። ለአዲስ አገልግሎት 230 የሚል ቁጥር ተሰጠ። የሰርቨር ክፍሉ በሣጥኖቹ ላይ መዘገበው። የኔትወርክ ክፍሉ ግን የፈቀደው በመጀመሪያው መስመር ስዊች ላይ ብቻ ነበር። ስምንት ወር ያለ እንከን ሠራ! አንድ ሌሊት የመጀመሪያው ስዊች ለጥገና ሲጠፋ ተጠባባቂው ተረከበ፤ ሌላው ሁሉ ቀጠለ፣ 230 ብቻ ሞተ። ጠዋት ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ተባለ።

ስማርት ሊንክ የሚባል መላ አለ፤ መውጫው በሙሉ ሲቋረጥ የሰርቨሩንም መስመር ዘግቶ በሌላ ካርድ እንዲሄድ ያስገድደዋል። እዚህ ግን አልረዳም፤ መስመሩ አልተቋረጠማ! ሁለት ቀን ሙሉ አንዱ ክፍል ሌላውን ሲያመለክት ዋለ። ሁለቱም «ከእኔ ወገን ልክ ነው» ሲሉ አልዋሹም፤ እያንዳንዳቸው ያዩት የየራሳቸውን ስክሪን ነዋ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው። የቪላን ቁጥርም እንደ ውል ነው፤ ሁለት ወገን ይሻል። አንዱ ጽፎ ሌላው ካልጻፈ ስምምነት የለም። በእኔ ግምት ገንዘቡ የሚወጣው ለሣጥኑ ነው፤ የጎደለው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር። ቁጥሩ፣ የአገልግሎቱ ስም፣ በሣጥኑ በኩል የትኛው መውጫ፣ በስዊቹ በኩል የትኛው ቀዳዳ፣ በቁጥር ታትሞ ይሄዳል ወይስ ያለ ቁጥር፣ የሁለቱም ክፍሎች ፊርማ። ያለ ቁጥር የሚሄደው በተለይ ጣጣ አለው፤ ሁለቱ ጫፎች ለየቅል ካሰቡት መረጃው ተሳስቶ ሌላ ሰፈር ይገባል።

ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ለሕዝብ ሳይከፈት ዋናውን ገመድ ነቅሎ በተጠባባቂው መሞከር ነው። ይህን ባለሙያ ሁሉ ይጠላዋል፤ የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? የእህቴ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ በተጠራበት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ያንን ወረቀት ነው። እስካሁን ያገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንደኛው ላይ ቀኑ አልተጻፈም ነበር።