የባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናዎ ዘይት ከየት ነው የሚፈሰው?

በደብረ ማርቆስ፣ በደጀንና በቢቸና መንገዶች ዕድሜያቸው የገፋ ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘሮች ዛሬም ይሠራሉ። የባለቤቶቻቸው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ መኪናው ሥር ዘይት ጠብ ብሏል፣ ምን ላስቀይር? ምንም ከማስቀየርዎ በፊት ምንጩን ይፈልጉ።

መጀመሪያ የመኪናውን ሆድ ያሳጥቡ። ጭቃና አሮጌ ዘይት በተጋገረበት ብረት ላይ አዲስ ፍሳሽ አይለይም። ሲደርቅ ትንሽ ይንዱትና ሥሩ ካርቶን አንጥፈው ያሳድሩት። ጠዋት ጠብታው የወደቀበት ይታያል። በጉዞ ላይ ግን ነፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ እርጥበቱን ወደ ላይና ወደ ፊት ይከተሉ፤ ምንጩ የሚገኘው እርጥበቱ ከሚጀምርበት ነው።

የትኛው ዘይት ነው? የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፤ የድኝ ሽታም አለው። (ዲፈረንሻል በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው የጥርስ ሳጥን ነው።) በጎማው ውስጠኛ በኩል የሚወርድ ቀጭን ፈሳሽ ካዩ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። ይህን ይዘው የዓባይን ቁልቁለት ፈጽሞ አይውረዱ። የዲፈረንሻል ዘይት የፍሬን ሸራውን ካረጠበም አደጋው ያው ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ኦይል ሲል ነው፤ ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን የሚያቅፈው የጎማ ቀለበት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ፈቶ መግጠሙ ነው። አዲሱ ሲል በወሩ ሲያፈስስ ሥራው ሁሉ በከንቱ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ሁለት ነገር አስቀድመው ያሳዩ።

አንደኛው መተንፈሻው ነው። ዲፈረንሻል አናቱ ላይ ትንሽ የአየር መውጫ አለችው። መኪናው ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ ዲፈረንሻሉ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየርም ያብጣል። መውጫው በጭቃ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። የጋለው ዲፈረንሻል ወደ ጮቄ በሚወስዱት የገጠር መንገዶች ጅረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ሳይዘገይ ይቀየር። ለአንድ ዲፈረንሻል 3 ሊትር ገደማ ይበቃል። መተንፈሻውን ማጽዳት ግን ከደቂቃዎች ሥራ በላይ አይጠይቅም። ከክረምት በኋላ ሁልጊዜ ቢደረግ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ኩሽኔታው ነው፤ ዘንጉን ተሸክሞ በነጻ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት። መካኒኩ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቀው። ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ አዲስ ሲልም አይዘውም።

ውጭ ምንም ሳይፈስስ ዘይት ሊጎድል ይችላል? አዎ። በካምቢዮውና ኃይሉን ለፊትና ለኋላ በሚያከፋፍለው ሳጥን መካከል ያለው ሲል ካለቀ ዘይት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንዱ ሲጎድል ሌላው ሞልቶ ይተርፋል። ስለዚህ የሁለቱም ልክ አብሮ ይታይ።

አሁን ከፍሳሹ መኪናው ወደሚያሰማው ድምፅ እንምጣ። ማርሽ ሲያስገቡ «ቋ» የሚል ከሆነ መኪናውን ሜዳ ላይ ያቁሙት። ጎማዎቹን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ያስይዙ፤ ካምቢዮውን ዜሮ ያድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ከዚያ ሥር ያለውን ረጅም ዘንግ በእጅ ያሽከርክሩት። ትንሽ ልልነት በአሮጌ መኪና የተለመደ ነው። የዘንጉ መጋጠሚያ ላይ ያለው መስቀል፣ ማለትም ክሮቼራው፣ ራሱ ከተንቀጫቀጨ ግን ይቀየር። ዋጋው ከጥርስ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ችላ ቢሉት ግን በጉዞ ላይ ተሰብሮ ዘንጉን ይጥለዋል።

ነዳጅ ሲሰጡ የሚያለቅስ፣ ሲለቁ የሚለወጥ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከዲፈረንሻል ጥርስ ነው። መሪ ሲዞር የሚቀንስ ወይም የሚብስ ጉርምርምታ ወደ ጎማ ኩሽኔታ ያመለክታል። የዘይት መዝጊያው ቡሎን ላይ ስስ ግራጫ ዱቄት ቢገኝ አያስደንግጥ። በጣት የሚቆነጠር ስብርባሪ ከተገኘ ግን ዲፈረንሻሉ ይከፈት።

ይህን ጥርስ ያለ ዕድሜው የሚበላ አንድ ልማድ አለ። ከጭቃው ወጥተው አስፋልት ሲይዙ የፊቱን ዲፈረንሻል ሳያላቅቁ መንዳት። በመታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት እኩል አይደለም። ጭቃ ላይ ጎማው ይንሸራተትና ልዩነቱን ያቃልላል፤ አስፋልት ላይ ግን ጫናው በሙሉ ጥርሱ ላይ ያርፋል።

ጥርሱ አልቆብዎ ያገለገለ ዲፈረንሻል ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያስመጡ ከሆነ የጥርሱ ቁጥር ከሌላው ዲፈረንሻል ጋር አንድ መሆኑን ሳያስቆጥሩ አይክፈሉ። የፊቱና የኋላው ከተለያየ አራቱም ጎማ ሲያያዝ እርስ በርስ ይታገላሉ።