በእጅ የሚሠራ አበባ በዘመነ ጽጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። ጽጌ በግእዝ አበባ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብጽ መሰደዷ ይታሰባል፤ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ የፈቃድ ጾም የሚጾሙም ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ወቅቱ ሲቃረብ በሐና ማርያም አካባቢ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች መቀስና ወረቀት ይዘው ይሰበሰባሉ። ለሥዕለ አድኅኖው ዙሪያና ለደጀ ሰላሙ የሚሆን አበባ ይሠራሉ። ሁልጊዜም አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ እግዚአብሔር የፈጠረው አበባ እያለ ከወረቀትና ከጨርቅ የተሠራውን በቤቱ ማኖር ይገባልን?

አስቀድመን ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር እንበል። በዕለት ንግግራችን መስከረምንና ጥቅምትን «ጸደይ» ማለት ተለምዷል። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ዘመን መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስለዚህ በመስከረም «የጸደይ አበባ» ብሎ የሚጽፍ ሰው በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ስድስት ወር ቀድሟል ማለት ነው። የእኛ የአበባ ዘመን መጸው ነው።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። መልሱን በኦሪት እናገኘዋለን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ለሙሴ ስለ መቅረዙ ሲያዝዝ፣ ከጥሩ ወርቅ ተቀጥቅጦ የለውዝ አበባ የሚመስሉ ጽዋዎች እንዲኖሩት አድርጓል፤ በስድስቱ ቅርንጫፎች ላይ ሦስት ሦስት፣ በመካከለኛው ላይ አራት፣ በድምሩ 22። ይህን የሠራው ባስልኤል ነው፤ ረዳቱ ኤልያብም በሽመናና በጥልፍ የታወቀ ነበር። ለአሮን ልብስ ደግሞ በምዕራፍ 28 እንደተጻፈው በታችኛው ዘርፍ ዙሪያ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ፈትል የተሠሩ ሮማኖች ከወርቅ ሻኵራዎች ጋር እየተፈራረቁ ነበሩ። ሮማኑ ከዛፍ የተለቀመ አልነበረም፤ በሰው እጅ ከፈትል የተሠራ ነው። ሰሎሞንም በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 6 እንደምናነበው የቤተ መቅደሱን ግድግዳ በፈነዱ አበቦች ቅርጽ አስጊጧል። እንግዲህ በእጅ የተሠራ አበባ ለእግዚአብሔር ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። በእውነት የሚጠየቀው ማን በምን ልብ ሠራው፣ ለምንስ ሠራው የሚለው ነው።

በዘመነ ጽጌ ደግሞ አበባው ጌጥ ብቻ ሳይሆን ትምህርት ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 11 ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትርና አበባ የተናገረውን ትንቢት አበው በእመቤታችንና በልጇ ተርጉመውታል። ሳይተከል ያበበው የአሮን በትርም ዘር ሳይቀድማት የወለደችው ድንግል ምሳሌ ነው። ማኅሌተ ጽጌን የደረሰው አባ ጽጌ ድንግል፣ በትውፊት እንደሚነገረው ከአባ ገብረ ማርያም ጋር ሆኖ፣ አበባውን አንድ ጊዜ ለእናቲቱ አንድ ጊዜ ለልጁ ይሰጠዋል። አበባ የሚሠራ ወጣት ይህን ሳያውቅ ቢሠራ እጁ ብቻ ይሠራል። ለዚህም ነው ሥራው በሚካሄድበት ሰዓት ከመዘምራን አንዱ የጽጌውን ዜማ ቢያስጠና መልካም ነው የምንለው።

ልማዱም ከሀገራችን የራቀ አይደለም። በእንቍጣጣሽ ልጃገረዶች አበባዮሽ እያሉ አደይ አበባ ይዘው ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች አበባና ፀሐይ በወረቀት ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። በጎጃምና በጎንደር እንግጫ ተነቅሎ ይጎነጎናል። በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ባለችው ሐና ማርያም ግን ሜዳው በቤትና በሕንፃ ተሞልቷል፤ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ልጅ አደይ ለመቅጠፍ ሩቅ መሄድ አለበት። አደይም በመስከረም ፈክቶ ጥቅምት ሲገፋ ይረግፋል፤ ማኅሌቱ ግን እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል። በእጅ የተሠራው አበባ ይህን ክፍተት ይሞላል።

አሠራሩን ስንናገር ከአደይ መጀመር ይሻላል። አንድ እውነተኛ አበባ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ ቅጠሎቹ ይቈጠሩ፤ ጫፋቸው ይታይ። ከሥዕል መገልበጥ ሁሉንም አበባ አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ቢጫ ክሬፕ ወረቀት (ያ የተሸበሸበው) መሥመሩ ከአበባው ቅጠል ቁመት ጋር እንዲሄድ ሆኖ ይቈረጣል፤ በተቃራኒው ከተቈረጠ አይለጠጥም። ከዚያ የቅጠሉ መሐል በሁለቱ አውራ ጣቶች ቀስ ብሎ ወደ ጎንና ጎን ሲሳብ እንደ ማንኪያ ይጎደጕዳል፤ አበባውን ሕያው የሚያስመስለው ይህ ነው። ለእንብርቱ ቀጭን ወረቀት ጫፉ እንደ ዘርፍ ተተልትሎ ይጠቀለላል፤ ቅጠሎቹ በዙሪያው አንድ በአንድ ተደርገው በክር ይጠብቃሉ። ግንዱ ቀጭን ሽቦ ሆኖ በአረንጓዴ ወረቀት ይጠቀለላል፤ ለቀላል አበባ ግን ስንደዶ ይበቃል። እናቶች ለስፌት ካስቀመጡት ቢለምኑ አይከለከሉም። ክሬፕ ውኃ ሲነካው ቀለሙ ይለቃልና ነጭ ልብሰ ተክህኖ በሚያልፍበት በር ላይ አይሰቀል።

ለጽጌ ረዳ ጨርቅ ይመረጣል። ከልብስ ሰፊዎች ደጃፍ የሚተርፈው ቁራጭ በነፃ ይገኛል። የሳቲን ጨርቅ ሰው ሠራሽ ፈትል ስለሆነ ከትልቅ እስከ ትንሽ በክብ ተቈርጦ ጠርዙ ወደ ሻማ ነበልባል ሲጠጋ ይቀልጣል፤ ይጠቀለላል፤ ፈትሉም አይተለተልም። ክቦቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደራርቦ መሐላቸውን መስፋት ነው። አቡጀዴ ግን ጥጥ ነውና በእሳት አይቀልጥም፤ ይቃጠላል። እርሱ አስቀድሞ በቀጭን የዱቄት ሙጫ ተቀብቶ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ሲቈረጥ ጠርዙ ይጸናል። የዱቄት ሙጫ አይጥ ይስባልና ለከርሞ የሚቀመጠው ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን።

የፕላስቲክ አበባ አይሻልምን የሚሉ አሉ፤ አይረግፍም፤ ይታጠባልም። እኛ አንመርጠውም። ሀገራችን በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ ሆና ሳለ ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ ጽጌ ረዳ በእመቤታችን ሥዕል ላይ መንጠልጠሉ ያሳዝነናል። ከሁሉ በላይ ግን የተገዛው አበባ የማንም ድካም የለበትም። በኦሪት ልባቸው ያነሣሣቸው ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ያመጡት ፈትል ለድንኳኑ ተቈጥሯል። ገንዘብ የሌላት እኅት ሦስት ምሽት ተቀምጣ የሠራችውም እንዲሁ መባዋ ነው።

አሁን ቸል ሊባል የማይገባውን እንናገር፤ እሳት። ክሬፕ ወረቀት ነበልባል ሲነካው በቅጽበት ይነድዳል፤ ሳቲኑም እየቀለጠ ይንጠባጠባል። በማኅሌት ሌሊት ደግሞ ጧፉ ብዙ፣ ሰው ብዙ፣ ነጠላውም ብዙ ነው። ስለዚህ ከጧፍ መትከያ በላይ አበባ ፈጽሞ አይሰቀል፤ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና። በጎን በኩልም ቢያንስ ክንድ ሙሉ ይራቅ። ጽና በሚወዛወዝበት መተላለፊያና በኤሌክትሪክ አምፖል ላይ አይታሰር። ውኃ የሞላ ባልዲ በቅርብ ይኑር፤ አንድ ወጣትም ሌሊቱን ለዚህ ብቻ ይመደብ። በሚያስጌጡ ልጆች ዘንድ ይህ ማስጠንቀቂያ እንደ ቍጣ እንደሚሰማ እናውቃለን፤ ግን ደጋግመን እንናገረዋለን።

አበባው የሚሰቀልበትን ቦታ የሚወስኑት የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። ወጣቶች በቅኔ ማኅሌቱና በውጭው በር ይሠሩ፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ካህናትና ዲያቆናት ይረከቡ። በሥዕለ አድኅኖ ዙሪያ ሲደረግ የእመቤታችን ፊትና የልጇ ፊት፣ የሚባርኩ እጆችም እንዳይሸፈኑ ይታይ። ምስማር በሥዕሉ ክፈፍ ላይ አይመታ፤ በክር ይታሰር።

የቍስቋም በዓል ኅዳር 6 ከተከበረ በኋላ አበባው ይወርዳል። የጸናው አቧራው ተራግፎ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። የተበላሸው ግን ከመንገድ ቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ በሥዕሉ ፊት የቆመ ነውና ካህኑን ጠይቆ በቅጽሩ ውስጥ ይቃጠላል፤ አመዱም ሰው በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይቀበራል። ሽቦው አስቀድሞ ከወረቀቱ ተለይቶ ቢወጣ ለከርሞ ግንድ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።